ተወዳድራ የማታውቅ ሴት የስኪ ውድድር አሰልጣኝ ሆና ዕድሜዋን መግፋት ትችላለች ወይ?

ጥያቄው፦ «26 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ዴንቨር ነው። ስኪ የጀመርኩት በ19 ዓመቴ፣ አንድ ሪዞርት ካፌ ውስጥ ስሠራ ነው። ላለፉት ሦስት ዊንተሮች ቅዳሜና እሁድ ጀማሪ ልጆችን አስተምራለሁ። አሁን ግን ዓይኔ ያረፈው ከጎናችን ጌት (የሚዞሩባቸውን ዘንጎች) ተክለው በሚለማመዱት የውድድር ቡድኖች ላይ ነው። ተወዳድሬ አላውቅም። ይህ ዕድሜ ልክ የሚሠራ ሥራ ነው? እናቴ ‹መጀመሪያ ነርሲንግሽን ጨርሺ› እያለች ትጨቀጭቀኛለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ «አንቺ» ብልሽ አትቀየሚኝ፤ ትልቋ ልጄ ካንቺ በሁለት ዓመት ትበልጣለች። ሚኒሶታ ውስጥ የልጆችና የወጣቶች የአልፓይን ስኪ (ቁልቁል የሚወረደው ዓይነት) ቡድን ማሠልጠን ከጀመርኩ ዘንድሮ 31ኛ ዊንተሬ ነው። አጭሩ መልስ፦ ይቻላል። ተወዳድረሽ አለማወቅሽ ያጎድልብሻል እንጂ አያስቀርሽም። ገንዘቡ ግን ብቻውን አያኖርሽም፣ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ስምንትና ዘጠኝ ዓመታት። ረጅሙን መልስ ቡና አፍልተሽ አንብቢው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከጥያቄሽ ውስጥ ባትይውም የገባኝ አንድ ነገር አለ። የዴንቨር ሰው ስለሆንሽ ይህ ሥራ የትልልቅ ተራራ ሥራ ይመስልሻል። እኔ የማውቀው ሌላ ነው።

ባክ ሂል የሚባል ቦታ አለ፤ ከሚኒያፖሊስ ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ፣ በርንስቪል ውስጥ፣ አውራ ጎዳናው ዳር። ከታች እስከ አናቱ 95 ሜትር ገደማ ነው። እናንተ ጋ ይህን ኮረብታ ብሎ የሚጠራው ሰው የለም። አሜሪካዊቷ የስኪ ተወዳዳሪ ሊንዚ ቮን ጌት መዞር የተማረችው እዚያ ነው። ኤሪክ ዛይለር የሚባል ከኦስትሪያ የመጣ አሰልጣኝ ልጆቹን ማታ ማታ በመብራት፣ በገመድ እየተጎተቱ እየወጡ፣ ያንኑ አጭር ዳገት ደግመው ደጋግመው ያስወርዳቸው ነበር። ያቺ ልጅ በ2010 ቫንኩቨር ላይ በዳውንሂል የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደች። በ2019 ለመጀመሪያ ጊዜ ጡረታ ስትወጣ 82 የዓለም ዋንጫ (በየዊንተሩ ከቦታ ቦታ እየዞረ የሚካሄድ ተከታታይ ውድድር ነው) ውድድሮች አሸንፋ ነበር፤ 43ቱ ዳውንሂል ናቸው። ዳውንሂል ማለት በሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ የሚበረርበት፣ ኮርሱ፣ ማለትም የሚወረድበት መስመር፣ ከሁሉም የሚረዝምበት ውድድር ነው። 95 ሜትር ላይ ያደገች ልጅ!

ምስጢሩ ሂሳብ ነው። እኔ በምሠራበት ኮረብታ (ባክ ሂል አይደለም፣ ከእሱም ያነሰ ነው) አንድ ዙር 20 ሰከንድ ይፈጃል፤ ገመዱ በደቂቃ ተኩል መልሶ አናቱ ላይ ያወጣሻል። አንድ ልጅ በሁለት ሰዓት ውስጥ ተራ መጠበቁን ጨምሮ 35 ዙር ይወርዳል። በዙሩ 22 ጌት ካለ 770 ኩርባ ዞረ ማለት ነው። ትልቅ ተራራ ላይ ሊፍቱ ብቻ አሥር ደቂቃ ይወስዳል፤ ግማሽ ቀን ሙሉ ለፍቶ ስምንት ዙር ቢወርድ ነው። ኮርሱ ይረዝማል፣ ጌቱም እጥፍ ነው እንበል፤ ያም ሆኖ ከእኛዎቹ ኩርባ ግማሹን አያገኝም። የእኛ ልጆች የጓንት መዳፍ በገመዱ ተበልቶ በወር ውስጥ ይቀደዳል፤ ወላጆች ሁልጊዜ የሚያማርሩት በዚህ ነው። እኔ ግን የተቀደደ ጓንት ሳይ ደስ ይለኛል።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በቆጂ ላይ ደራርቱን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን በልጅነታቸው ሲያሠለጥኑ የነበራቸው ሜዳና ጫካ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር ከፍታና ጠዋት በሰዓቱ መገኘት ነው። ይህን ለቡድኔ ወላጆች ስነግራቸው «በቆጂ የት ነው?» ይሉኛል። ካርታ ላይ አሳያቸዋለሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ለራስሽ ነው። በየካቲት፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ ማታ፣ ያንኑ 20 ሰከንድ ለ35ኛ ጊዜ፣ በ14 ልጆች እያባዛሽ፣ እንደ መጀመሪያው ዙር አድርገሽ መመልከት ትችያለሽ? ሥራው ማየት ነው። ሌላው ሁሉ ይለመዳል።

ማየት ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በአንዲት ልጅ ላሳይሽ። የ12 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ጠንካራ፣ የማትፈራ። ግን ኩርባው መሃል ላይ ሁልጊዜ ዳሌዋ ወደ ኋላ ይቀራል፣ የስኪዎቿ ጫፍ ይቀልና መስመሩን ትስታለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ «ወደፊት! ወደፊት!» እያልኩ ጮህኩባት። እሷም ትሞክራለች፤ ትከሻዋን ወደፊት ትጥላለች፣ ዳሌዋ ግን ያው ነው። እኔ የምቆመው ሁልጊዜ ከኮርሱ በታች፣ ፊት ለፊቷ ነበር፤ ለራዲዮውም ለቪዲዮውም የሚመቸው እዚያ ነዋ። አንድ ማታ ለጌቶቹ ቀዳዳ የምበሳበት መሰርሰሪያዬ ተበላሽቶ መሃል ኮርስ ላይ ተንበርክኬ ስጠግን በጎኔ አለፈች። በዚያ ከፍታ፣ ከጉልበት በታች ብቻ ነው ያየኋት። ቅልጥሟ የቦቱን ምላስ አልነካም። በቅልጥሟና በፕላስቲኩ መሃል ጣቴን ማስገባት የምችል ያህል ክፍተት ነበር። ከታች ስትደርስ ቦቷን አስወለቅኳት፤ ሁለት ካልሲ ደርባለች። የወንድሟ ቦት ነበር፤ ከእግሯ በሁለት ቁጥር ይበልጣል። ልጅቷ ወደፊት ብትደገፍ የሚቀበላት ነገር አልነበረም! በማግስቱ ከክለቡ መጋዘን ልኳ የሆነ አሮጌ ቦት አገኘንላት፤ በሳምንቱ ዳሌዋ በራሱ ጊዜ ቦታው ተመለሰ። እኔ አንድም ቃል አልጨመርኩም።

ከዚያ ወዲህ በአንድ ማታ ልምምድ ቢያንስ አራት ቦታ እቀያይራለሁ። ከላይ ሆነሽ ስታዪ መስመሩ ይታይሻል፦ ኩርባውን ከጌቱ በላይ ጀመረችው ወይስ ጌቱ ጋ ደርሳ ነው የደነገጠችው? ከጎን ቁርጭምጭሚትና ዳሌ ይታያል። ከታች የውጪው ስኪ ይታያል፤ ክብደቱ እዚያ ላይ ነው ወይስ ወደ ውስጠኛው ተደግፋለች? አራተኛው ደግሞ ዓይን ጨፍኖ መስማት ነው። በደንብ የተያዘ ጠርዝ ድምፁ እንደ ጨርቅ ቅዳጅ አጭርና ንጹሕ ነው፤ የሚንሸራተት ስኪ ይንሸዋሸዋል። አይስቁብሽ፣ ሞክሪው።

አሁን «ተወዳድሬ አላውቅም» ወዳልሽው ልምጣ። ቀድሞ ተወዳዳሪ የነበሩ አሰልጣኞች እግራቸው የሚያስታውሰው ነገር አለ፤ በረዶው ሲደነድን ልጁ ምን እንደሚፈራ ሳይነግራቸው ያውቃሉ። ያ ይጎድልሻል። እኔም ጎድሎኝ ነበር። እኔ በ1988 በሱዳን በኩል እዚህ የመጣሁ የ17 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ኮረብታው ላይ የተቀጠርኩት የገመዱን ሞተር እንድጠብቅ ነው። ስኪ የተማርኩት ገመዱ ከተዘጋ በኋላ፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ፣ በሰው ስኪ ነው። ጉድለቱን የምትሞይበት መንገድ ግን አለ። ለአዋቂዎች የሚዘጋጁ የማስተርስ ውድድሮች አሉ፤ አሁኑኑ ግቢ። ትወድቂያለሽ፣ የመጨረሻ ትሆኛለሽ፣ የ60 ዓመት ጥርስ ሐኪም በአምስት ሰከንድ ይበልጥሻል። መነሻው በር ላይ ቆመሽ ጉልበትሽ ሲንቀጠቀጥ አንድ ጊዜ ካልቀመስሽው፣ ለልጅ «ተረጋጊ» የማለት መብት የለሽም። በተቃራኒው ደግሞ ከቀድሞ ተወዳዳሪዎች የምትበልጪበት ነገር ይኖርሻል። አንቺ ስኪ የተማርሽው በ19 ዓመትሽ ስለሆነ እያንዳንዱን ነገር በቃል አስበሽ ነው የተማርሽው። በሦስት ዓመቱ የጀመረ ሰው እንዴት እንደሚዞር አያውቀውም፤ ዝም ብሎ ይዞራል። ሲጠየቅ «ይሰማሃል» ይላል።

ቋንቋችንም እዚህ ላይ ትንሽ ያስቸግራል። ከሰማይ እንደ ጥጥ የሚወርደውም፣ ጣሪያ የሚደበድበውም፣ ብርጭቆ ውስጥ የሚገባውም ለእኛ «በረዶ» ነው። ለዚህ ሥራ ግን በረዶ አንድ ነገር አይደለም። ማሽን የረጨው ከሰማይ ከወረደው ይለያል፤ ጠጠር ያለ፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ለውድድርም ይሻላል። የትናንቱ ከዛሬው፣ የጥላው ከፀሐዩ ይለያል። መጋቢት ውስጥ ቀኑ ሲሞቅ ኮርሱ እንደ ገንፎ ይላላል፤ አሥረኛው ልጅ ሲያልፍ ከጌቱ ሥር ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ሠላሳኛው ልጅ የሚወርደው ሌላ ኮርስ ነው። ያኔ ጨው እንበትናለን። ወላጆች መንገድ ላይ በረዶ ለማቅለጥ የሚበተን ጨው ኮርሱን እንዴት እንደሚያደነድን አይገባቸውም። ጨው ላዩን ትንሽ ያቀልጣል፤ ለማቅለጥ ሙቀት ይፈልጋል፤ ሙቀቱን የሚስበው ከሥሩ ካለው እርጥብ በረዶ ነው፤ ያ ከሥር ያለው ውሃ ሙቀቱን ሲያጣ ይጋገራል። ስለዚህ በረዶው እርጥበት ከሌለው አይሠራም። ሌላም ጣጣ አለው፦ ጨው ዕድሜ አለው። ሁለቴ ሦስቴ ከተደጋገመ በኋላ ኮርሱ እንደ ስኳር ይፈራርስብሻል። በትነሽ ወዲያው በስኪ ማለስለስ፣ ሰዓቱን መያዝ፣ ውድድሩ ከመጀመሩ ብዙ ቀድሞ አለመቸኮል። ይህን ከአንድ ሽማግሌ አሰልጣኝ ጎን ሆኜ ነው የተማርኩት፤ ጓንቱን አውልቆ በረዶውን በጡጫው ጨብጦ ውሃ ይንጠባጠብ እንደሆነ ያያል። እኔም ዛሬ እንደዚያው ነው የማደርገው።

ኮርስ መትከል ሌላው ትልቁ ነገር ነው። ጌቱ ከሥሩ በማጠፊያ የሚተኛ ዘንግ ነው፤ ልጆቹ በቅልጥም መከላከያና በእጃቸው እየመቱት ያልፋሉ። ጌቶቹ በጣም በሚቀራረቡበት ውድድር፣ በስላሎም፣ ሕጉ ከአንዱ ኩርባ እስከ ሌላው ከ6 እስከ 13 ሜትር ነው፤ በዚያ ውስጥ ግን ነፃነትሽ ሰፊ ነው፤ ባሕርይሽም የሚታየው እዚያ ነው። የክሮኤሺያዎቹ ተወዳዳሪዎች የያኒትሳና የኢቪትሳ ኮስቴሊች አባት አንቴ ኮስቴሊች ወጥመድ የበዛበት ኮርስ በመትከል የታወቀ ነው። በ2014 የሶቺ ኦሎምፒክ የወንዶች ስላሎም ሁለተኛ ዙር ላይ የተከለው ኮርስ ብዙ ተወዳዳሪ ከመስመር አስወጥቶ ክርክር አስነስቷል። ሰውየው ልጁን ያኒትሳን ሀብታም ፌዴሬሽን ሳይኖረው አሠልጥኖ በ2002 ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ ሦስት ወርቅና አንድ ብር ያስገኘ ስለሆነ እንዲህ አደረገ ብዬ አልተችም። ነገር ግን የዓለም ዋንጫ አሰልጣኞችን ኮርስ በቪዲዮ አይተው ለአሥር ዓመት ልጆች የሚገለብጡ ወጣት አሰልጣኞች አጋጥመውኛል። ልጁ ይወጣል፣ ያለቅሳል፣ አሰልጣኙ በልቡ ይኮራል። እኔ የምተክለው መሃል ላይ ያለው ልጅ ከአሥር ዙር ስምንቱን የሚጨርሰው ኮርስ ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። በ2009 ጥር ውስጥ አንድ ማታ ተጣድፌ ነበር፤ መሰርሰሪያው በብርድ ባትሪው ደክሞ (ትርፍ ባትሪ ሁልጊዜ ብብትሽ ውስጥ ያዢ)፣ ልጆቹ ቆመው እየበረዳቸው፣ የመጨረሻዎቹን አራት ጌቶች በረዶው በለሰለሰበት በኩል፣ ወደ መብራት ምሰሶው አስጠግቼ ተከልኳቸው። የደኅንነት መረብ ነበር። ችግሩ መረቡ ከምሰሶው አንድ ሜትር ብቻ ነው የራቀው። መረብ ልጁን የሚያተርፈው እየተለጠጠ ነው፤ ከኋላው የሚለጠጥበት ባዶ ቦታ ካጣ መጋረጃ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ስኪው ወልቆ ገባበት፤ ቅልጥሙ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ተሽሎት በሁለተኛው ዓመት ተመለሰ፤ አሁን ራሱ አባት ነው፣ ሲያገኘኝ ያቅፈኛል። እናቱ ግን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀችኝ፦ «እዚያ ቦታ ላይ ማን ነው የተከለው?» «እኔ ነኝ» አልኳት። ከዚያ ማታ ጀምሮ ተክዬ ስጨርስ ከእያንዳንዱ ጌት ሥር እቆምና ልጁ እዚህ ቢወድቅ የት ይቆማል ብዬ ወደ ታች እሄድበታለሁ። ልጆቹ ይበርዳቸዋል። ይብረዳቸው።

ይህ የልጆች ብቻ ጉዳይ አይደለም። ጣሊያናዊቷ ማቲልዴ ሎሬንዚ በኦክቶበር 2024፣ የአገሯ ልጅ ማቴኦ ፍራንዞሶ ደግሞ በሴፕቴምበር 2025 ቺሊ ውስጥ የሞቱት በውድድር ላይ አይደለም፣ በልምምድ ላይ ወድቀው ነው። እንደ ዳውንሂል ባሉት የዓለም ዋንጫ የፍጥነት ውድድሮች ኤርባግ (ሲወድቁ በአየር የሚነፋ መከላከያ) መልበስ ከ2024/25 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። የልምምድ ቦታ መረብ ግን አሁንም በአሰልጣኙ ጉልበትና ሕሊና ላይ የተንጠለጠለ ነው።

የውድድር ቀን ከምታስቢው በላይ አሰልቺ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል መነሳት፣ ስኪ መጫን፣ የተረሳ ሄልሜት ፍለጋ መደወል። ከዚያ ልጆቹን ይዘሽ ኮርሱን ቀስ ብላችሁ በጎን እየተንሸራተታችሁ ትመለከታላችሁ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው በእጃቸው እየቀዘፉ ጌቶቹን በቃል ይይዛሉ፣ ልክ እንደ ዳዊት ደጋሚ። ከዚያ አንዱ አሰልጣኝ መነሻው ላይ፣ ሌላው መሃል ላይ ራዲዮ ይዞ ይቆማል። ከመሃል የሚላከው መልእክት አጭርና የተፈተነ መሆን አለበት፦ «ከሰባተኛው በኋላ መሬቱ ይወድቃል፤ ቀድማችሁ ጀምሩ»። አለቀ። መነሻው ላይ ደግሞ ምንም አይታረምም። ትልቁ የጀማሪ አሰልጣኝ ስህተት ልጁ ከመነሳቱ 30 ሰከንድ በፊት ስለ እጁ አያያዝ መናገር ነው። አንድ ልጅ ነበረኝ፤ ሁልጊዜ መነሻው ላይ «ምሳ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። እኔም በቁም ነገር እመልስለታለሁ፤ «ፓስታ»። እሱም ጭንቅላቱን ነቅንቆ ይነሳል። ስድስት ዓመት እንዲህ ቆየን።

ስለ ወላጆች ብዙ ማለት ይቻላል፤ አልልም። አንድ ብቻ፦ በ12 ዓመት ዋንጫ የሚሰበስበው ልጅ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ያደገው ልጅ ነው፤ ክብደቱ ያወርደዋል። ወላጁ ግን የወደፊት ቻምፒዮን ያለው ይመስለዋል፤ በየሳምንቱ ለውድድር አምስት ሰዓት ይነዳል። በዚያው ሳምንት ያ ልጅ 700 ኩርባ ከሰረ ማለት ነው። አሜሪካዊቷ ተወዳዳሪ ሚካኤላ ሺፍሪን ቨርሞንት ውስጥ በርክ ማውንቴን አካዳሚ ስታድግ ከውድድር ይልቅ ልምምድ ታበዛ እንደነበር የታወቀ ነው፤ በፌብሩዋሪ 2025 ጣሊያን፣ ሴስትሪየሬ ላይ 100ኛ የዓለም ዋንጫ ድሏን አገኘች። ይህን ለወላጅ መንገር ይቻላል። መስማት ሌላ ነው።

ሴት መሆንሽን አንስተሽ አልጠየቅሽም፣ ግን ይገጥምሻል። ከፍተኛው ደረጃ ላይ ሴት አሰልጣኞች በጣት ይቆጠራሉ። አሰልጣኝ ካሪን ሃርዮ በጃንዋሪ 2016 ኦስትሪያ፣ ፍላካው ላይ የዓለም ዋንጫ ኮርስ የተከለች የመጀመሪያዋ ሴት ስትሆን ስፖርቱ የዓለም ዋንጫ ማካሄድ ከጀመረ ወደ 50 ዓመት እየተጠጋው ነበር። በኋላ የካናዳን የሴቶች ቡድን መርታለች፤ በ2023 ደግሞ ሺፍሪን ዋና አሰልጣኝ አድርጋ ቀጥራታለች። በልጆች ክለብ ደረጃ በሩ ከዚያ ይሰፋል፤ ያም ሆኖ ወላጅ መጥቶ ጥያቄውን ካንቺ ጎን ለቆመው የ19 ዓመት ወንድ ረዳት የሚያቀርብበት ቀን ይመጣል። እኔም የራሴን ቀምሻለሁ። አንድ ክለብ ውስጥ ለዋና አሰልጣኝነት ስወዳደር «በራዲዮ ላይ አነጋገርህ ይከብዳል» ተባልኩ። ልጆቹ ግን በዚያው ራዲዮ ለ11 ዓመት ሲሰሙኝ ነበር። ሌላ ክለብ ሄድኩ።

የእኛ ሰዎችም «ሐበሻና በረዶ ምን አገናኛቸው» ይሉሻል። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቶሪኖ ላይ በአገር አቋራጭ ስኪ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሎምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ሰው ነው፤ በ2010ም ቫንኩቨር ላይ ደግሞታል። ኤርትራዊው ሻነን አበዳ ደግሞ እኛ በምንሠራው በአልፓይን፣ በ2018 እና በ2022 ተወዳድሯል። ከዚያ በላይ አትከራከሪ፤ ጊዜሽን ይበላል።

አሁን ገንዘብ። የመጀመሪያው ዊንተር ደመወዜ ለመኪናዬ ማርሽ ጥገና አልበቃም። ለ14 ዓመት በጋውን ጣሪያ ስሠራ ነው የኖርኩት፤ ጁን ላይ ሁለት ሳምንት ኦሪገን፣ ማውንት ሁድ ላይ በሚካሄደው የበጋ ስኪ ካምፕ እሠራለሁ፣ ተመልሼ መዶሻዬን አነሳለሁ። ዛሬ የሙሉ ጊዜ ተቀጣሪ ነኝ፤ ያ ማለት ግን የቡድኑን ቫን መንዳት፣ የሆቴል ክፍል መያዝ፣ ክፍያ የዘገየበትን ወላጅ መለመን፣ የስኪ ጠርዝ መሞረድ ሁሉ የእኔ ነው። ሁለቱም ጉልበቶቼ ተቀድደው ተሰፍተዋል። ይህን ሁሉ ዓመት ቤታችን የጤና ኢንሹራንስ የነበረው በባለቤቴ ሥራ ነው። ባለቤቴ ምን እንደምትሠራ ገምቺ። ነርስ ናት።

ስለዚህ እናትሽ ልክ ናቸው፤ ምክንያታቸው ብቻ ነው የተለየው። እሳቸው ነርሲንጉ ከስኪው እንዲያስጥልሽ ይመስላቸዋል። እኔ የማውቀው በሳምንት ሦስት ቀን 12 ሰዓት የሠራች ነርስ አራት ቀን እንደሚተርፋት ነው፤ የልጆች ቡድን ደግሞ ሁለት ማታና ቅዳሜ እሁድን ነው የሚፈልገው። ተማሪ ቤት የምታውቂው የአጥንትና የጅማት ትምህርትም ኮረብታ ላይ ከየትኛውም የአሰልጣኝነት ኮርስ በላይ ይጠቅምሻል። በብርድ ጉንጩ ላይ ነጭ ነጥብ የወጣበትን ልጅ ቀድመሽ ታያለሽ፤ ወድቆ «ደህና ነኝ» የሚለውን ልጅ ዓይን እንዴት እንደምታዪ ታውቂያለሽ። ጨርሺው። ሁለት ዓመት ቢቀርሽ፣ ሁለቱን ዊንተር እንደ ረዳት ሥሪ።

የምታደርጊው እንዲህ ነው። ለአሜሪካ ስኪና ስኖውቦርድ ማኅበር በአሰልጣኝነት ተመዝገቢ፤ የኋላ ታሪክ ምርመራና የልጆች ደኅንነት ሥልጠና ግዴታ ናቸው፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ደረጃ፣ ደረጃ 100ን ውሰጂ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ የበረዶ መሥሪያ ማሽኖቹ ሥራ ሲጀምሩ፣ አቅራቢያሽ ላለ ትንሽ ክለብ ጻፊ፤ የታወቁትን አካዳሚዎች ለጊዜው ተያቸው። «ላሠልጥን» አትበይ። «ጌት ልሸከም፣ ኮርስ ላለስልስ» በይ፤ እምቢ የሚል ክለብ አላየሁም። የራስሽን የጌት ቁልፍ (ዘንጉን ማጥበቂያና ማላቀቂያ) ግዢ፣ በገመድ ከጃኬትሽ ጋር እሰሪው፤ በረዶ ውስጥ የወደቀ ቁልፍ የሚገኘው ሚያዝያ ላይ ነው። ቦትሽንም አሁኑኑ ሙያተኛ ያስተካክለው፤ ስድስት ሰዓት ትቆሚበታለሽ። ጌት ተሸክመሽ በኮርሱ ዳር ስትወጪ ደግሞ ቀና ብለሽ ቁርጭምጭሚታቸውን እዪ፤ ያየሽውን በማታው ደብተር ላይ ጻፊ። የጻፍሽውን ብትልኪልኝ አነባለሁ። ከማታው 4 ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ከዚያ በፊት ገመዱ አልተዘጋም።